ከሰማይ የሚለካ ሙቀት፦ የሳተላይት የሙቀት ካርታና የአጥቢያ ደኖቻችን





በበጋ ወራት በደቡብ ጎንደር በእግሩ የተጓዘ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። አጨዳው አልቆ፣ አውድማው ተጠርጎ፣ ማሳው ተራቁቶ ሳለ በቀትር ሜዳውን የሚያቋርጥ መንገደኛ ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ክብ ነገር ባየ ጊዜ፣ በዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ማንም ሳይነግረው ይረዳል። ወደ ቅጥሩ ገብቶ ከወይራውና ከዝግባው ሥር በቆመ ጊዜም የቀትሩ ሐሩር ከደጅ እንደ ቀረ በገጹ ላይ ይሰማዋል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገውም።

በገጽ ላይ የተሰማ ቅዝቃዜ ግን በቃለ ጉባኤ አይመዘገብም። ያለፈው ዓመት ከዘንድሮው ጋር ሊነጻጸርበት፣ ለረጂ አካል ሊቀርብ፣ ደኑ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ ብለው ለሚከራከሩ ወገኖች ሊታይ አይችልም። ስለዚህ በልማቱ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ከሳተላይት ወደሚገኘው የመሬት ገጽ ሙቀት መረጃ ፊታችንን መልሰናል። መረጃው በእውነት ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ያለ ጥንቃቄ የተነበበ እንደ ሆነ፣ እንዲመሰክርለት የተጠራውን ደን ራሱን የሚያስቆርጥ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ከራሴ ስሕተት ተምሬያለሁ። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያደረገኝም ይኸው ነው።

ከአንድ ጉባኤ የመጣ ጥያቄ

ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት የገጠር አጥቢያ ወደ ሁለት ሄክታር የሚሆን ደን አላት። በሰበካ ጉባኤው ላይ የደኑን ሰሜናዊ ጠርዝ አስቆርጦ በመንገዱ በኩል የሚከራዩ ሱቆች የመሥራት አሳብ ቀረበ። አሳቡ ከክፋት የመነጨ አልነበረም፤ የካህናቱ ደመወዝ ዘግይቷል፣ የቤተ መቅደሱ ጣራ ያፈሳል፣ አጥቢያዋም ሌላ የገቢ ምንጭ የላትም። ገሚሶቹ ደገፉት፤ ገሚሶቹ ደግሞ አባቶቻችን ያቆዩትን ደን እኛ አንነካም አሉ። ክርክሩ መቋጫ ባጣ ጊዜ «ባለሙያ መጥቶ ያስረዳን» ተባለና እኔ ካርታ ይዤ ሄድሁ።

ካርታው የወረዳውን የመሬት ገጽ ሙቀት የሚያሳይ ነበር። ሞቃቱ ስፍራ ቀይ፣ ቀዝቃዛው ሰማያዊ ሆኖ ተቀልሟል። በሰፋፊዎቹ ደኖች ላይ ሰማያዊው ቀለም እንደ ኩሬ ጎልቶ ይታያል። በዚያች አጥቢያ ስፍራ ግን የነበረው ከዙሪያው እርሻ እምብዛም የማይለይ ፈዛዛ ብርቱካናማ ቀለም ነው። ካርታውን ያዘጋጀሁት ለወረዳው በሙሉ ስለ ነበር፣ የአጥቢያዋን ቦታ ለይቼ ያየሁት በጉባኤው ፊት በዘረጋሁት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ቸልተኝነት በሌላ ባለሙያ ላይ ባየው ኖሮ እወቅሰው ነበር።

አንድ አረጋዊ መርጌታ በጣታቸው ቦታውን ነክተው፣ «ዲያቆን፥ ታዲያ ደናችን የለም እያልኸን ነውን?» አሉኝ። የሱቁን አሳብ የደገፉት ፈገግ አሉ። «የኔታ፥ ደኑስ አለ፤ ያላየው የእኔ ካርታ ነው» ብዬ መመለስ ሲገባኝ በጊዜው መልስ አጣሁ። ተመልሼ ለማስረዳት ቀጠሮ ጠይቄ ወጣሁ። ከዚህ በታች የጻፍሁት በአብዛኛው በሁለተኛው ጉባኤ ላይ ለየኔታ የሰጠሁት መልስ ነው።

ሳተላይቱ የሚለካው ምንን ነው?

ማናቸውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን ለዓይን የማይታይ ጨረር ያወጣል። የጋለ ምጣድ ላይ እጃችንን ሳናሳርፍ ከላይ ዘርግተን ብቻ መጋሉን የምናውቀው በዚህ ጨረር ነው፤ ታሕተ ቀይ ጨረር ይባላል። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች በ705 ኪሎ ሜትር ከፍታ እየዞሩ ከምድር ገጽ የሚወጣውን ይህን ጨረር ይመዘግባሉ። በመካከል ያለው አየርና እርጥበት ከጨረሩ የሚያስቀረው በስሌት ከታረመ በኋላ የሙቀት መጠኑ ይታወቃል።

ስሌቱ እንደሚፈራው የረቀቀ አይደለም። ከላንድሳት 8 እና ከላንድሳት 9 ተዘጋጅቶ በሚቀርበው የሙቀት ምስል ውስጥ እያንዳንዱ ካሬ አንድ ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ በ0.00341802 ተባዝቶ 149 ሲደመርበት በኬልቪን የተለካ ሙቀት ይሆናል፤ ከዚያም 273.15 ሲቀነስ በሴልሺየስ ይገኛል። ለምሳሌ በአንዱ ካሬ ላይ 45,000 የሚል ቁጥር ቢገኝ ሙቀቱ 29.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው ማለት ነው። ይህን ስሌት በአጥቢያችሁ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው ይችላል። ምስሎቹም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለማንም ሰው በነጻ የሚሰጡ ናቸው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር ግን ይህ ነው፦ ሳተላይቱ የሚለካው የአየሩን ሙቀት አይደለም፤ የምድሩን ቆዳ ነው። በሬዲዮ የምንሰማው የአየር ሙቀት ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጥላ ውስጥ በተቀመጠ ቴርሞሜትር የተለካ ነው። የመሬት ገጽ ሙቀት ግን ፀሐይ በቀጥታ የምትመታው አፈር፣ ድንጋይና ቅጠል ሙቀት ነው። በጥር ወር በባዶ እግሩ የሚሄድ እረኛ በራሱ ዙሪያ ያለው አየር ቀዝቀዝ ብሎ ሳለ እግሩ የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በካርታ ላይ 40 ዲግሪ የሚል ቁጥር ያየ ሰው «አገራችን 40 ዲግሪ ገባች» ብሎ በዐውደ ምሕረት እንዳይናገር አደራ እላለሁ።

በደን ላይ ደግሞ ሳተላይቱ የሚያየው የዛፎቹን ጫፍ እንጂ እኛ የምንቆምበትን ጥላ አይደለም። የቅጠሉ ገጽ ፀሐይ እየመታው እንኳ የሚቀዘቅዝበት ምክንያት አለው። ዛፍ በሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ ያተንናል፤ ውኃም ለመትነን ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ሊትር ውኃ ከቅጠል ላይ ሲተን የሚወስደው ሙቀት፣ ያንኑ ሊትር ውኃ በድስት ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከ7 እጥፍ በላይ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት አፈሩንና አየሩን ሳያግል ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። አጨዳ ያለፈበት ማሳ ግን የሚያተንነው ውኃ ስለሌለው የተቀበለው የፀሐይ ኃይል ምድሩን ያግለዋል። ሥሩ ጥልቅ የሆነ አሮጌ ዛፍ እርጥበት ከሩቅ ስቦ በበጋ እንኳ ሥራውን አለማቋረጡ የደኑን ዋጋ የሚያሳየን ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ እንግዳ ነገር ላንሣ። አዲስ የቆርቆሮ ጣራ በፀሐይ ግሎ እጅ የሚፈጅ ቢሆንም በሳተላይት ምስል ላይ ቀዝቃዛ መስሎ ሊታይ ይችላል። የሚያብረቀርቅ ብረት የታሕተ ቀይ ጨረርን አሳንሶ ስለሚያወጣ መሣሪያው ይታለላል። ስለዚህ በቅጥሩ መካከል የሚታየውን ሰማያዊ ነጥብ ሁሉ ለዛፍ መቁጠር አይገባም።

የካሬው ስፋት

አሁን ወደ የኔታ ጥያቄ እንመለስ። የሳተላይት ምስል እንደ ሰሌን በጥቃቅን ካሬዎች የተሠራ ነው፤ ባለሙያዎች ፒክሰል ይሏቸዋል። በአንዱ ካሬ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ተቀላቅሎ በአንድ ቁጥር ይገለጻል። የላንድሳት 8 እና 9 የሙቀት መለኪያ ካሬ ጎኑ 100 ሜትር ነው፤ ይህም አንድ ሄክታር ነው። ምስሉ ለተጠቃሚ የሚቀርበው በ30 ሜትር ካሬዎች ተከፋፍሎ ስለሆነ ከዚያ የጠራ ይመስላል፤ እኔንም ያሳተኝ ይኸው ነው። አንድን እንጀራ በብዙ ቢቆራርሱት እንጀራው እንደማይበዛ ሁሉ፣ ካሬው ስለተከፋፈለ የተለካው መረጃ አልጨመረም።

ሁለት ሄክታር ደን ክብ ነው ብንል ከዳር እስከ ዳር 160 ሜትር ያህል ነው። ጎኑ 100 ሜትር የሆነ ካሬ ሙሉ በሙሉ በዚህ ክብ ውስጥ ሊያርፍ የሚችለው የካሬው መካከል ከክቡ መካከል ከ10 ሜትር በላይ ያልራቀ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ያም በአጋጣሚ የሚገኝ ነው። ቢገኝ እንኳ በዚያ መካከል የሚቆመው ቤተ መቅደሱና በዙሪያው ያለው ገላጣ ስፍራ ነው። ሌሎቹ ካሬዎች ሁሉ ገሚሳቸው ደን፣ ገሚሳቸው እርሻ ይሆናሉ። ለምሳሌ ያህል የዛፎቹ ጫፍ 26 ዲግሪ፣ ማሳው ደግሞ 40 ዲግሪ ነው እንበል፤ እኩሌታው ደን የሆነው ካሬ በግምት 33 ዲግሪ ይላል። ይህ ቁጥር የደኑም አይደለም፤ የማሳውም አይደለም። በየኔታ አጥቢያ ላይ ያየሁት ፈዛዛ ብርቱካናማ ቀለም ይህ ድብልቅ ነበር።

እንደ ገላውዴዎስ ባለ ወደ 100 ሄክታር በሚደርስ ደን ላይ ችግሩ ጠርዙን ብቻ ስለሚነካ ውስጡ በግልጽ ይለካል። ነገር ግን እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ የአጥቢያ ደኖቻችን የጥቂት ሄክታር ናቸው፤ ከዚያም የሚያንሱ አሉ። ስለዚህ የሙቀት ካርታ ብቻውን የሚያመዛዝን ሰው ታናናሾቹን ደኖች እንደሌሉ ሊቆጥር ይችላል። በተቃራኒው በጉዳት ላይ ያሉት፣ በየዓመቱ ከጠርዛቸው የሚሸረፉት እነዚሁ ታናናሾቹ ናቸው።

ደን ባነሰ ቁጥር ጠርዙ ከውስጡ ይበዛል። ከደኑ ጠርዝ ጥቂት ሜትር ቢቆረጥ በስፋቱ ሲታይ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ፀሐይና ነፋስ ወደ ውስጥ እየዘለቁ ቀድሞ ውስጥ የነበረው ጠርዝ ይሆናል። ለሱቅ የሚቆረጠው ሰሜናዊ ጠርዝ ጥያቄም መታየት ያለበት በዚህ መልኩ ነበር።

ዓመትን ከዓመት ስለ ማነጻጸር

የሳተላይት መረጃ ትልቁ ሀብት ያለፈውን ዘመን ማስቀመጡ ነው። ላንድሳት 5 በ1976 ዓ.ም. መጥቆ እስከ 2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ምስል አቅርቧል። ላንድሳት 7 በ1991 ዓ.ም.፣ ላንድሳት 8 በ2005 ዓ.ም. ተከትለዋል። ላንድሳት 9 ደግሞ የመጠቀው መስከረም 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ እኛ የመስቀልን በዓል በምናከብርበት ዕለት መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የተከማቸው ምስል አባቶቻችን ያዩትን መሬት ልጆቻችን ካዩት ጋር ለማስተያየት ያስችላል።

ነገር ግን መሣሪያዎቹ እኩል አይደሉም። የላንድሳት 5 የሙቀት ካሬ ጎኑ 120 ሜትር፣ የላንድሳት 7 ደግሞ 60 ሜትር ነበር። ለታናናሽ ደኖች የተሻለው ላንድሳት 7 ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 መጨረሻ አንድ ክፍሉ ስለ ተበላሸ ከዚያ በኋላ ያነሣቸው ምስሎች በጥቁር ሰንበሮች የተተለተሉ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ምስል 22 በመቶ ያህል ጠፍቷል። የአንድን ታናሽ ደን የ1970ዎቹን ምስል ከዛሬው ጋር አነጻጽሮ «ደኑ ይህን ያህል ዲግሪ ሞቀ» ማለት ስፋታቸው በማይመሳሰል ሁለት ቁናዎች እህል ሰፍሮ እንደ መሟገት ነው።

ወሩም ሊጠበቅ ይገባል። በኅዳር ማሳው ላይ ገና እህል አለ፤ በየካቲት ባዶ ነው፤ በሚያዝያ ምናልባት የበልግ ዝናብ አርሶታል። የኅዳሩን ምስል ከየካቲቱ ጋር ያነጻጸረ ሰው የለካው የአጨዳን ሥራ እንጂ የአየር ንብረት ለውጥን አይደለም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ክረምት ደግሞ ደመናው ምድሩን ስለሚሸፍን የሙቀት ምስል የሚገኝበት ቀን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለእኛ አገር ጥናት ከጥር እስከ የካቲት ያሉት ጥርት ያሉ ቀናት የተሻሉ ናቸው። አንድ ላንድሳት ወደ አንድ ስፍራ የሚመለሰው በ16 ቀን አንድ ጊዜ ነው፤ 8ኛውና 9ኛው እየተፈራረቁ ስለሚያልፉ በ8 ቀን አንድ ጊዜ ይገኛል። የሚያልፉትም ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ። የቀትሩን ሐሩር አያዩም።

የሌሊቱን ቅዝቃዜና ሰፊ አገርን ለማጥናት ሞዲስ የተባለው መሣሪያ ይሻላል። መሣሪያው በሁለት ሳተላይቶች ላይ የተጫነ ነው፤ ቴራ ረፋድ ላይና በምሽት፣ አኳ ደግሞ ከቀትር በኋላና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያልፋሉ። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በየዕለቱ የተመዘገበ መረጃ ስላለ የአንድ ዞን ወይም የአንድ ተፋሰስ ሙቀት በሃያ ዓመታት ውስጥ ወዴት እንዳዘነበለ ለመመርመር ተስማሚ ነው። ካሬው ግን ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 100 ሄክታርን በአንድ ቁጥር ያጠቃልላል፤ የአጥቢያ ደን አይታየውም። በቅርብ ዓመታትም የሁለቱ ሳተላይቶች የማለፊያ ሰዓት ከቀድሞው መዛነፍ ስለ ጀመረ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከፊተኞቹ ጋር የሚያስተያይ ሰው ይህን ማሰብ አለበት።

የቦታው ከፍታም ያሳስታል። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል። አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ያለ ደን እንኳ በሁለቱ መካከል ከ5 ዲግሪ ያላነሰ ልዩነት ይጠበቃል። በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለ ደን ከፎገራ ማሳ ጋር ተነጻጽሮ ቀዝቃዛ ቢሆን ምስጋናው የተራራው ነው። በዚያው በፎገራ በበጋ በመስኖ ሽንኩርት የሚለማበት ማሳ በካርታ ላይ ቀዝቅዞ ይታያል፤ ገበሬው ውኃ ባላጠጣበት ዓመት ደግሞ ያው ማሳ ይግላል። ይህን የማያውቅ ሰው በቢሮ ተቀምጦ ስለ አየር ንብረት ብዙ ሊጽፍበት ይችላል።

የአየር ንብረት ለውጥ የለም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባዘጋጀው የአገራት መግለጫ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ የአየር ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል፤ በአሥር ዓመት 0.28 ዲግሪ ያህል ማለት ነው። ይህ ለሰብልና ለውኃ ከባድ ለውጥ ነው። ነገር ግን በአሥር ዓመት የዲግሪ ሩብ ያህል የሚሄደውን ነገር በሁለት ቀን ምስል መካከል በሚታይ የብዙ ዲግሪ ልዩነት ማስረዳት አይቻልም። በሪፖርቶቻችን ውስጥ ሁለቱን እያደባለቅን የምንጽፍበት ልማድ ቢቀር መልካም ነው፤ ረጂዎቹ ባይመረምሩት እንኳ እኛ ስለ እውነት ልንጠነቀቅ ይገባናል።

መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ

ታዲያ ካርታው በምን ይጠቅማል? «ደናችን ስንት ዲግሪ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ደካማ ነው። «በዚያው ቀን፣ በዚያው ከፍታ ካለው ማሳ ደናችን በስንት ይቀዘቅዛል? ይህ ልዩነትስ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ነው ወይስ እየጠበበ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ጠንካራ ነው። ቀኑ ሞቃት ቢሆን ሁለቱም አብረው ይሞቃሉ፤ መሣሪያው ትንሽ ቢያዛባ ሁለቱንም አብሮ ያዛባል፤ ልዩነቱ ግን ብዙ አይነካም። ከ5 ሄክታር በላይ ለሆኑ ደኖች በዚህ መንገድ የብዙ ዓመታት የጥርና የየካቲት ምስሎችን አሰባስቦ ማየት ይቻላል። ልዩነቱ እየጠበበ የሄደበት ደን ምናልባት ውስጡ እየሳሳ ነው፤ ከብት እየገባ ችግኙን ይበላል፣ ወይም አሮጌዎቹ ዛፎች እየወደቁ ተተኪ አጥተዋል። ያን ጊዜ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

ለታናናሽ ደኖች ግን ሌላ መንገድ አለ። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚያነሡት ምስል ሙቀትን አይለካም፤ የቅጠሉን ልምላሜ ግን በ10 ሜትር ካሬ ያሳያል። ለሁለት ሄክታር ደን የላንድሳት የሙቀት መለኪያ ሁለት ካሬ ሲሰጠን፣ ሴንቲኔል ሁለት መቶ ካሬ ይሰጠናል። የደኑን ስፋትና መሳሳት ከዚህ፣ ሙቀቱን ደግሞ በእጃችን ካለው ቴርሞሜትር መውሰድ እንችላለን።

ከዚያም ወደ ኋላ ለመሄድ የሚሻ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች አሉት። ተመራማሪዎች እነዚህን ከዘመናችን የሳተላይት ምስል ጋር ባስተያዩ ጊዜ በደቡብ ጎንደር ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያን ጊዜም በየስፍራቸው እንደ ነበሩ ታይቷል። በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦና የተበታተነ ዛፍ ግን በብዙ ስፍራ ወደ እርሻ ተለውጧል። ደኖቹ ዛሬ በሙቀት ካርታ ላይ እንደ ደሴት የሚታዩት አንድም እነርሱ ስለ ቆዩ፣ አንድም ዙሪያቸው ስለ ተራቆተ ነው።

ስለ ባሕር ዛፍም አንድ ነገር መናገር ግድ ይላል። ሳተላይቱ ባሕር ዛፍን ከወይራና ከጥድ ለይቶ አያውቅም፤ ለእርሱ ሁሉም አረንጓዴና ቀዝቃዛ ነው። አንድ አጥቢያ አገር በቀሉን ዛፍ እያስወገደ በባሕር ዛፍ ቢተካ ካርታው ምንም እንዳልተበላሸ ሊመሰክርለት ይችላል። ኮሶው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው መኖሩን የሚያውቀው በደኑ ውስጥ የሚመላለሰው ቄሰ ገበዝ እንጂ ሳተላይቱ አይደለም። ስለዚህ ከካርታው ጎን ለጎን በደኑ ያሉትን የዛፍ ዓይነቶች በስማቸው የሚዘረዝር ጽሑፍ በአጥቢያው መዝገብ ውስጥ ቢኖር እመክራለሁ።

በአጥቢያ ደረጃ የሚሠራ መለኪያ

በሁለተኛው ጉባኤ ሁለት ተራ ቴርሞሜትሮች ይዤ ሄድሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱን አንድ ቀን ሙሉ ጎን ለጎን በጥላ አስቀምጦ እኩል መናገራቸውን ማረጋገጥ ይገባል፤ ልዩነት ካላቸው ልዩነቱ ተጽፎ ኋላ ይታረማል። ከዚያ አንዱ በደኑ ውስጥ ከጠርዙ ራቅ ብሎ፣ ሁለተኛው በውጭ በማሳው ላይ፣ ሁለቱም በደረት ከፍታ ይሰቀላሉ። በውጭ ያለውም ቢሆን ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው ነፋስ የሚያሳልፍ የጥላ መከለያ ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ የሚለካው የመስታወቱን ግለት ነው። ንባቡ ሳተላይቱ በሚያልፍበት በረፋዱ 4 ሰዓት ተኩልና ሙቀቱ በሚበረታበት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቢሆን ይመረጣል። ዕለቱ፣ ሰዓቱ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ወይም ደመናማ መሆኑ አብሮ ይጻፋል። ሥራው ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚስማማ ነው፤ ሆኖም አንድ ኃላፊ ያስፈልገዋል፤ በጋራ የተያዘ መዝገብ በሦስተኛው ሳምንት ይረሳልና።

ይህ የአየር ሙቀት እንጂ የመሬት ገጽ ሙቀት ስላልሆነ ከሳተላይቱ ቁጥር ጋር እኩል እንዲሆን አይጠበቅም፤ እኩል ባለመሆኑም ማንም አይደናገጥ። የሚፈለገው በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በዚያች አጥቢያ የመጀመሪያውን ንባብ የወሰድነው የጉባኤው አባላት በተገኙበት ነው። የሱቁን አሳብ የደገፉት አንድ አባል ራሳቸው ሁለቱንም ቴርሞሜትሮች እየተመላለሱ አነበቡ፤ ከዚያም ዝም አሉ። ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ የሚያፈሰውም ጣራ በቴርሞሜትር አልተደፈነም። ጉባኤው የወሰነው ሱቆቹ ከደኑ ውጭ በመንገዱ ዳር ባለው ጠባብ የአጥቢያዋ ይዞታ ላይ ሊሠሩ ይችሉ እንደ ሆነ እንዲጠና ነው። ቦታው ያነሰ ስለሆነ የሚገኘው ኪራይም እንደሚያንስ ሁሉም ያውቃል። ለሰሜኑ ጠርዝ ደግሞ ምእመናኑ ከየማሳቸው በሚለቅሙት ድንጋይ ካብ እንዲሠራለት አሳብ ቀርቦ በቀጠሮ ተይዟል።

በአጥቢያቸው እንዲህ ያለ መለኪያ ለመጀመር የሚፈልጉ የሰበካ ጉባኤያት የደናቸውን ዙሪያ በስልክ የቦታ መጠቆሚያ እየዞሩ መዝግበው፣ የቤተ መቅደሱንም ነጥብ ጨምረው በሀገረ ስብከታቸው የልማት ክፍል በኩል ቢልኩልን ያለፉትን ዓመታት ምስል አዘጋጅተን እንመልስላቸዋለን። ከጥር በፊት ቢደርሰን የዘንድሮው በጋ አያመልጠንም።

የዚያች አጥቢያ መዝገብ በየኔታ እጅ ነው። ባለፈው ሳምንት የቁጥሩን ነገር ለመጠየቅ ብደውልላቸው፣ «ገና ሦስት ሰዓት ነው፤ የዛሬውን አልጻፍሁም፤ ቆይተህ ደውል» አሉኝ።